ቃጭል ያሰረ ብስክሌት

ብስክሌቱን ከጓዳ ሳወጣው እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። እንዳይጮህ ብዬ ቃጭሉን በመዳፌ ጨብጬዋለሁ። የወንድሜ አርባ ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ለተዝካሩ የተጣለው ዳስ ፈርሷል፤ ግቢው ውስጥ የተረገጠው ሣር ብቻ ቀርቷል።

«ለአጎትህ አድርስላቸው» አለችኝ። «የተዝካሩ ዕለት ሊወስዱት ነበር፤ ሰው በዛና ረሱት።»

«ሚኒባስ ላይ ልጫነው?»

«እንዴት እንደምታደርሰው አንተ ታውቃለህ።»

ይህን ብላ ገባች። እናቴ ሲከፋት አማርኛውን ትታ በአገውኛ ነው የምትናገር። ይህን ግን በአማርኛ አለችኝ። እንግዳ የምታናግር ነበር የሚመስል። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምታናግረኝ።

ስለ ብስክሌቱ ከመጻፌ በፊት ስለ ፈረሱ መናገር አለብኝ። አለዚያ ነገሩ አይገባም።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ፈረሱ ለቅሶው ላይ ይወጣል። ይጫናል፤ የሟቹ ጋቢ ኮርቻው ላይ ይጣላል፤ ዱላው ከጎኑ ይታሰራል። ከዚያ አንድ የቅርብ ሰው፣ ልጅ ወይም ወንድም፣ ልጓሙን ይዞ በለቃሹ መካከል ይስበዋል። ሬሳው ሲወጣ ያላለቀሰ ሰው እንኳ ባዶውን ኮርቻ ሲያይ ያለቅሳል። በእኛ ቤተሰብ ደግሞ ፈረሱን የሳበው ሰው ፈረሱን ይረከባል። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ይባላል። አባታችን ሲሞት የሳበው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ነበርሁ። ፈረሱም የእሱ ሆነ።

እሱ ግን ሸጠው። ብስክሌት ገዛበት።

ወንድሜ ቀርከሃ ነበር የሚሠራ። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የሕፃን አልጋ። ቀርከሃውን ከገበሬ ማሳ ቆርጦ ከተማችን ቆሰበር አስፋልት ዳር ወዳለችው መሥሪያው ማድረስ ነበረበት። ፈረሱ ረጅሙ ቀርከሃ ጎኑን ሲነካው ይደነብራል። ሁለት ጊዜ ጭነቱን ቦይ ውስጥ ጣለው። ከሁለተኛው በኋላ ነው የሸጠው።

ጎረቤቱ አልማረውም። «አገው ፈረስ ሸጦ ብረት ገዛ! ጉድ እኮ ነው!» ይሉት ነበር።

«ይኸኛው ገብስ አይበላም» ይላል እሱ።

«ለሠርግ ምን ላይ ልትወጣ ነው?»

«ሙሽራዋን ከኋላ አስቀምጬ እመጣለሁ። የእናንተ ፈረስ ሁለት ሰው ሲጭን ያቃስታል።»

ቃጭሉን ግን አልሸጠውም። የፈረሱን የአንገት ቃጭል ከብስክሌቱ መሪ ሥር በጠፍር አሰረው። ከግራ በኩል ካልሆነ አይወጣበትም ነበር፤ ፈረስ ላይ የሚወጣ በግራ ነውና። ፍጥነቱንም በፈረስ አካሄድ ስም ነበር የሚጠራ። ቁልቁለት ሲሆን «ያዘኝ፣ ደንገላሳ ነው!» ይለኛል። ሜዳ ላይ ሶምሶማ ነው። ዘንገና ሐይቅ ስንደርስ ደግሞ እርምጃ ብቻ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱ እየነዳ፣ እኔ ከኋላው ብረቱ ላይ ተቀምጬ፣ ወደ ሐይቁ እንሄድ ነበር። ዘንገና ክብ ነው። ገደል ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ ነው። ከዛፎቹ ሥር፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ የእግር መንገድ ይዞረዋል። እዚያ ተራ በተራ እንነዳለን። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፦ በእርምጃ መንዳት፤ እግርን መሬት አለማስነካት። የነካ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ቀስ ብሎ መንዳት ከባድ ነው። ያልሞከረው አያውቀውም። ብስክሌቱ ወዲህና ወዲያ ይላል። ከታች ውሃው አለ። ወንድሜ ሰው ከሚራመደው እኩል ይሄዳል፤ ቃጭሉ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ቆይቶ እንደገና ይመታል። ዝንጀሮ እንኳ አይሸሸውም። እኔ አንድም ቀን ሳልነካ ዞሬ አላውቅም። ወይ እፈጥናለሁ፣ ወይ እወድቃለሁ።

«አንተን ምን አሯሯጠህ?» ይለኝ ነበር። አንድ ድንጋይ አለች፣ እሷ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ። «ሐይቁ ክብ ነው። ብትፈጥንም የምትደርስ እዚሁ እኔ ጋ ነው።»

«አያ፣ ይሰለቸኛል» እለው ነበር። አያ ነበር የምለው።

በመስከረም መጨረሻ ሰሊጥ ለማጨድ ጃዊ ወረደ። መሥሪያውን ሊያሰፋ ፈልጎ ነው። ብስክሌቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ «ዘይት እንዳትነፍገው» ብሎ። በኅዳር ተመለሰ። የተመለሰ ዕለት ማታ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኛ ደገኞች ነን፤ ብርድ ነው የምናውቅ። ቆላ ቆይቶ የቆሰበር ውርጭ መታው አልን። ጋቢ ደረብንለት። እሳት አነደድንለት። ሁለት ቀን እንዲህ አሞቅነው። ሐኪም ዘንድ ስናደርሰው ወባ ነው፤ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል አሉን።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መጻፍ አልችልም። የደረብንለት ጋቢ የእኔ ነበር።

ለቅሶው ላይ አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም፣ ብስክሌቱን አወጡት። ወንድሜ ፈረስ የለውም፤ ታዲያ ምን ይደረግ? መቀመጫው ላይ ያንኑ ጋቢ ጣሉበት። የቀርከሃ መቁረጫ መጥረቢያውን ከጎኑ አሰሩለት። መሪው ላይ የራሳቸውን ፈረስ ቀይ ጌጥ አንጠለጠሉ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። «ሳበው» አሉኝ።

ያዝሁት። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። አምስት ስድስት እርምጃ ስሄድ ቃጭሉ መታ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ ነው ወይስ ልቅሶ፣ እስካሁን አላውቅም። ያን ጊዜ ሳቅ መሰለኝ። ብረት እየሳብሁ፣ ቃጭል እያስጮህሁ፣ ሰው የሚስቅብን መሰለኝ።

ለቀቅሁት። ብስክሌቱ ወደቀ፤ ጋቢው አቧራ ላይ ተዘረጋ፤ የፊቱ ጎማ ብቻውን ዞረ። ሰዉን ሰንጥቄ ወጣሁና ከቤታችን ጀርባ ተቀመጥሁ።

አጎቴ አንሥተው ሳቡት። ከጀርባ ሆኜ ቃጭሉን ሰማሁት። ሦስት ጊዜ ዞረ። እናቴ ስለቀው አይታኛለች። አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በአገውኛ አናግራኝ አታውቅም።

እንግዲህ በደንቡ ብስክሌቱ የአጎቴ ነው። ቤታቸው ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ከሐይቁ አልፎ። መንዳት አይችሉም። ቢሆንም የእሳቸው ነው። እኔ ደግሞ እፈልገዋለሁ። ስጡኝ ብዬ ግን በየትኛው አፌ ልናገር?

ከግቢው ስወጣ ቃጭሉን ለቀቅሁትና ወጣሁበት። በግራ በኩል መሆኑ ኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ጥር ነው። በዚህ ወር የፈረስ በዓል ስላለ ሰው ሁሉ ፈረሱን ያለማምዳል። ከቆሰበር እንደወጣሁ ሁለት ፈረሰኞች በአስፋልቱ ዳር ባለው አፈር ላይ እየጋለቡ ደረሱብኝ። አንደኛው ዘወር ብሎ አየኝ።

«ቃጭሉን ሰማሁት፤ ፈረሱ የታለ?» አለኝ።

«ቅደመው ብስክሌቱን!» አለው ሌላው ለፈረሱ። እየሳቁ አለፉኝ።

ወንድሜ ቢሆን መልስ ነበረው። እኔ ፔዳሉን ረገጥሁት። የከሰል ጆንያ የተደረደረበትን አለፍሁ፤ አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፍቶብኝ አለፈኝ። ነፋሱ ይበርዳል፤ ጀርባዬን ግን አላበኝ። ቀጥታ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። አድርሼ፣ ሰጥቼ፣ በሚኒባስ ልመለስ። ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስደርስ መሪው ታጠፈ። እኔ ነኝ ያጠፍሁት። ግን አላሰብሁበትም።

ጥላው ውስጥ ስገባ ቃጭሉ ድምፁ ተለወጠ። ዛፍ ሥር ሲሆን ወፍራም ነው።

«መጣህ አንተ ሰነፍ!» የሚል ድምፅ ከዛፎቹ ውስጥ ወጣ። «ፈረስህን ዛሬ ምን አበላኸው?»

የሐይቁ ጠባቂ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ከወንድሜ ጋር በተገናኙ ቁጥር ይቀላለዱ ነበር። ቃጭሉን ሰምተው እሱ መስሏቸዋል። ከቁጥቋጦው ወጡና እኔን ሲያዩ ቆሙ። አንድ እጃቸው ላይ የተቀቀለ ድንች ይዘዋል።

«ታናሹ ነህ እንዴ? ወንድምህስ?»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ ነው የሚነገር። ሰውዬው ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ቀስ ተብሎ ይጀመራል። እኔ እኩለ ቀን ላይ፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን መሬት ተክዬ ልንገራቸው?

«ቆላ ወርዷል» አልኋቸው።

«እስካሁን? ሰሊጡ እኮ ተወቅቶ ተጭኗል! ሚስት አገኘ መሰለኝ።»

«ይሆናል» አልሁ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስሰማው አፌን በጥፊ ልመታው ፈለግሁ።

«በል ዙር» አሉኝ። «እግርህ መሬት ከነካ ግን ከዚህ ትጀምራለህ። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ በቃጭሉ አውቃለሁ።»

ጀመርሁ። ቀስ ልል ሞከርሁ፤ እውነቴን ነው። ውሃው ዝም ብሏል። ሰዎች መጨረሻው አይታወቅም ይላሉ፤ ያን ቀን ጥቁር አረንጓዴ ነበር፣ ከዳር ያለው ዛፍ ተገልብጦ ይታይበታል። አንድ ጉሬዛ ከላዬ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ዘለለ፤ ነጭ ጅራቱ ተወዛወዘ። ቆሜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። አልቻልሁም። ውስጤ የሆነ ነገር ይገፋኛል። ቆላ ወርዷል፣ ቆላ ወርዷል እያለ ፔዳሉ ይዞራል። መንገዱ ላይ የወጣ የዛፍ ሥር ዘለልሁ። ቃጭሉ እንደ እብድ ይጮሃል።

ከሐይቁ ማዶ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ካቴናው ወለቀ። ቆምሁ።

«ቆምህ!» አሉ ሽማግሌው ከማዶ። ድምፃቸው በውሃው ላይ አልፎ ልክ አጠገቤ ያሉ ይመስላል። «ሰማሁህ! ነክተሃል!»

እጄ ሁሉ ጥቁር ዘይት ሆነ። ካቴናውን መለስሁት። ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። እሱ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ሲነሣ ደስ እንዲለው ብዬ።

ጠባቂው ጋ ስደርስ ድንጋይዋን አየኋት። እሱ ቁጭ የሚልባትን። ባዶ ናት። አንድ ቅጠል ተቀምጦባታል። ፈጥኜ ነው የመጣሁ፤ ብፈጥንም የምደርስ እሱ ጋ ነበር። አልነበረም። ስለዚህ አላቆምሁም። አለፍኋት።

«ኧረ ቀስ!» አሉ ሽማግሌው። «ማን አባረረህ?»

ሁለተኛ ዞርሁ። ሦስተኛውን ስጀምር ብስክሌቱ ከሥሬ ሸሸ። አንዲት ዳገት ላይ ወደቅሁ። መዳፌ ተላጠ። ቃጭሉ ዝም አለ። ሽማግሌው ድንቻቸውን እንደያዙ እየተቻኮሉ መጡ።

«ተሰበርህ?»

«አባባ፣ ሞቷል» አልኋቸው።

«ማን?»

«ወንድሜ። በኅዳር። ቀብረነዋል።»

ድንቹን ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ አኖሩት።

«አርባውስ?»

«ከትናንት በስቲያ ወጣ።»

«አርባው ወጣ» አሉ ለራሳቸው። «እዚሁ፣ አፍንጫዬ ሥር ሞቶ፣ እኔ ሳልቀብረው አርባው ወጣ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ቅድም ስታሥቀኝ እያወቅህ ነው?»

«አዎ።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝም እወድ ነበር። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጠፉት።

«በል አንሣው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ፈረሱን ነዋ። እኔ ሳላለቅስለት ልትሄድ ነው? ሳብልኝ።»

ብስክሌቱን አነሣሁት። ጋቢያቸውን በመቀመጫው ላይ ጣል አደረጉ፤ ሁለቱን ጫፍ እኩል አድርገው አስተካከሉት። መሪውን ያዝሁ። መራመድ ጀመርሁ። ቃጭሉ መታ።

ከኋላዬ ማልቀስ ጀመሩ። በአገውኛ ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ግማሹ ነው የሚገባኝ። ቀርከሃ ሲቆርጥ ቡቃያውን እንደማይነካ አነሡለት። ሁልጊዜ እየሣቀ እንደሚመጣ፣ ለእሳቸው ወንበር ሠርቶ በብስክሌቱ ተሸክሞ እንዳመጣላቸው አነሡለት። እኔ ስለ ወንበሩ አላውቅም ነበር። ስንት የማላውቀው ነገር ሠርቷል?

መንገዱ ወደ ውሃው በሚጠጋበት ቦታ አንድ ልጅና አንዲት ልጅ በስልካቸው ፎቶ ይነሡ ነበር። ሲያዩን ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። አልፈናቸው ስንሄድ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ።

«ለሳይክል ነው እንዴ የሚያለቅሱ?»

ልጁ ሣቀ። ይኸኛው ሳቅ ነው። አልተጠራጠርሁም። ጆሮዬ ጋለ። የተላጠው መዳፌ ያቃጥለኛል። ሄድሁ። ቃጭሉ መታ፣ ቆየ፣ መታ። አንዱን ዙር ስንጨርስ ሽማግሌው ድምፃቸው ዘግቶ ነበር።

ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ፤ ጋቢያቸውን አንሥተው ለበሱ። «አሁን ቀበርሁት» አሉ። ከዚያ ድንቹን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ። ቀዝቅዟል። ቆመን በላን።

ከሐይቁ ስወጣ ልወጣበት አሰብሁ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁና መለስሁት። እየሳብሁት ሄድሁ። አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ቀስ ብሎ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ተንፍሶ ነው? ና ላይ እንጫነው!» አለኝ። በእጄ እለፍ አልሁት።

አጎቴ ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር። ለፈረሳቸው ድርቆሽ ይሰጣሉ። ቃጭሉን ሰምተው ዘወር አሉ።

«ጎማው ተንፍሷል?» አሉኝ።

«የለም።»

«ካቴናው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው በእግርህ?»

አጎቴ መሪውን አዩ፤ የተላጠውን መዳፌን አዩ።

«ከየት ጀምረህ ነው የሳብኸው?»

«ከሐይቁ። እዚያ ያልሰሙ ሰው ነበሩ።»

«ስንት ሰው?»

«አንድ ሽማግሌ።»

«አንድ ሰው ይበቃል» አሉ። ብስክሌቱን ተቀብለው ጋጣው ውስጥ ከፈረሳቸው ጎን አስደገፉት። ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ ቃጭሉን አሸተተው። «እደር። ነገ እየነዳህ ትመለሳለህ።»

«የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብረት ላይ ልንጠለጠል ነው? ያን ቀን ከመሬት አነሣሁት እንጂ መች ወሰድሁት።» ድርቆሹን እንደገና ማቅረብ ጀመሩ። «ውሃ አምጣ፤ መዳፍህን ታጠበው።»

በማግሥቱ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ቀስ ብዬ ልነዳ አሰብሁ። አልሆነልኝም። ቁልቁለቱን በደንገላሳ ወረድሁት፤ ዳገቱ ላይ እግሬን ነካሁ፤ የሐይቁን መታጠፊያ ሳልታጠፍ አለፍሁ። ልቤ አሁንም ይሯሯጣል። ይህን ስጽፍም እንዲሁ ነው።

ግቢያችን ስደርስ ቃጭሉን አልያዝሁትም። ጮኸ። እናቴ ከቤት እየሮጠች ወጣች፤ ነጠላዋ ከራሷ ወድቋል። ፊቷን አየሁት። እኔን አልነበረም የጠበቀች። እኔን ስታይ ቆመች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከዚያ በአገውኛ ጀመረች። ወንድሙን መሬት ላይ የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየ ነው አለችኝ። እኔ አንዱን ቀብሬ ሌላውን ከቤት ጀርባ ልፈልግ አለችኝ። ያልገባኝም ብዙ ነበረ። እየጮኸች፣ እያለቀሰች፣ አርባ ቀን ያቆየችውን ሁሉ ነገረችኝ።

ቆሜ ሰማኋት። እጄን ከመሪው ላይ አላነሣሁም።